የጓሮው በር

“እማማ፣ ይቺ በር እኮ ዛሬ መደፈኗ ነው። ነግረውዎታል አይደል?” አለ ፋሩቅ።

አይናዲስ የሻይ ትሪ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ነበር። የሴራሚክ ሠራተኛው ድምፅ በተራቆተው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ እየተማታ ስለሚወጣ አንድም ቃል አላመለጣትም። እግሯ ባለበት ቀረ። ከጓሮ በኩል የእትዬ የሺ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ።

“ነግራኛለች እንጂ! ሳትነግረኝማ እንዴት ይሆናል? እኔው ነኝ ዝጉት ያልኩ። ነፋስ ያስገባል።”

አልነገረቻትም። አይናዲስ ስድስት ቀን ሙሉ እነግራታለሁ ስትል ከርማ አልነገረቻትም። ባለፈው ሐሙስ ከልጇ ከጸሎት ጋር ሴራሚክ መሸጫ ቆመው፣ በካሬ አንድ ሺህ አራት መቶውን ይሁን አንድ ሺህ ሰባት መቶውን እያሉ ሲያማርጡ፣ ጸሎት ስልኳ ላይ የሣለችውን አሳይታ “እማ፣ ሻወሩ የሚገባው የጓሮው በር ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ደግሞስ ሁለት በር ያለው ሽንት ቤት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?” አለቻት። ሻጩ ሳቀ። አይናዲስም አብራ ሳቀች፣ እሺ አለች፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ማታውኑ ልትነግራት አስባ ነበር፤ እትዬ የሺ ተኝታ አገኘቻት። ዓርብ ፋሩቅ አሮጌውን ባኞ በመዶሻ ሲሰባብር ጫጫታው ሰው አላነጋገረም። ቅዳሜ የቤት ጽዳት ነበር። እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዲህ ያለ ወሬ አይነሣም ብላ ተወችው። ሰኞን ምን አድርጋ እንዳሳለፈችው አታስታውስም። ማክሰኞ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው፤ በርሜልና ጀሪካን ሲሞላ ዋለ፣ የሞላችውም እትዬ የሺ ናት። ዛሬ እሮብ ነው፤ እነሆ ፋሩቅ ነገራት፣ የሦስት ሳምንት ትውውቅ እንኳ የሌለው ሰው።

ቤቱ በአርባዎቹ ዓመታት ገደማ አንድ ግሪክ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ የአይናዲስ አባት የገዙት ከእሱ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ መታጠቢያ ቤቱን ግን ሠሪው የረሳውና በኋላ ትዝ ብሎት የሸጎጠው ይመስላል፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከስድሳ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከምናምን። በዚያች ላይ ሁለት በር አላት። አንዱ ወደ ኮሪደሩ ይከፈታል፣ አንዱ ወደ ጓሮው፣ ሰርቪስ ቤቶቹ ወዳሉበት። ኮሪደር በኩል ያለው በር መቀርቀሪያው የተመታው በውጭ፣ ማለት በቤቱ በኩል ነው፤ ያስመቱት የአይናዲስ እናት ወይዘሮ እንቁ ናቸው። ከጓሮ የገባ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ በመጣበት ይመለሳል እንጂ ወደ ቤት አያልፍም። በየትኛው በር ማን እንደሚገባ በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም፤ ሳይነገረው የቀረ ሰውም የለም። እትዬ የሺ ከቡልጋ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ከመጣች ጀምሮ፣ አሁን ሰባ ስምንት ሆኗታል፣ በኮሪደሩ በር አንድ ቀን ገብታ አታውቅም። የአባትየው የአክስት ልጅ ናት። እንግዳ ሲመጣ “የባለቤቴ ዘመድ” ተብላ ትተዋወቃለች፤ እንግዳው ለምሳ ሲቀርብ ግን ማስታጠቢያውን ይዛ የምትቆመው እሷ ነበረች። አባትየው አለፉ፣ እናትየው አራት ዓመት አልጋ ላይ ከርመው በእትዬ የሺ እጅ አለፉ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች በየአቅጣጫው ሄዱ። እሷ ከሰርቪስ ቤቶቹ በአንዷ፣ አንድ አልጋና አንድ ሳጥን በያዘችው፣ ቀረች።

አይናዲስ በመጨረሻ ትሪውን ይዛ ገባች። ፋሩቅ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ውሃ ልኩን አዲሱ የወለል ሴራሚክ ላይ እያጋደመ ነው። የጓሮው በር መቃን ወልቆ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ በባዶው ስፍራ ብርሃን ያለ ከልካይ ይገባል፣ ከብርሃኑ ማዶ እትዬ የሺ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። በሚመጣው ሳምንት እሑድ የጸሎት እጮኛ የመድኃኔ ቤተሰቦች ቀለበት ሊያስሩ ይመጣሉ፤ ሽንኩርቱ ለዚያ ነው፣ ሴራሚኩም ለዚያ ነው። የመድኃኔ እናት አንድ ጊዜ መጥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ገብተው ሲወጡ የተናገሩት የለም፤ ጸሎት ግን ሌሊቱን አልተኛችም።

“ማዘር፣ ሻይሽ ከሲሚንቶ ይፈጥናል፣ ተባረኪ” አለ ፋሩቅ። ብርጭቆውን አንሥቶ ሳይቀምሰው ወደ ጓሮው ዘረጋው። “እማማ፣ ቀድመው ይጠጡ።”

“ጾም ነኝ ልጄ።”

“እናንተ ደግሞ ጾም አይለቃችሁም! እኛ አንድ ወር ጾመን ዓመቱን ሙሉ እንፎክራለን።”

እትዬ የሺ ሳቀች። ስትስቅ ከንፈሯ እንደ ተጣበቀ ወረቀት በአንድ በኩል ብቻ ነው የተከፈተው። ዓርብ ዕለት ስእለት አለብኝ፣ እስከ ሠርክ እጾማለሁ ብላ ነበር። በዚያ ላይ ጉልበቷን እያመማት ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ ለኪዳን ጸሎት ጊዮርጊስ ትሄዳለች። አይናዲስ በመስኮት ስታያት፣ ዱላዋን ይዛ በጨለማው ስትወጣ፣ ደስ የሚልና የሚያሳፍር ነገር አንድ ላይ ይሰማት ነበር፤ እኛ አልጋ ላይ ነን፣ እሷ ለሁላችን እየጸለየች ነው ትል ነበር።

አሁን መናገር ይቻል ነበር። “እትዬ፣ አልነገርኩሽም፣ ይቅር በይኝ” ለማለት ሦስት እርምጃ እንኳ አያስፈልግም። አይናዲስ ግን ትሪውን ይዛ፣ አሮጊቷ በሰው ፊት ገመናዋን ሸፍናላት እያለች፣ ያን መሸፈኛ ራሷ መግፈፍ አቃታት። ፋሩቅ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። ብሎኬቶቹ በሩ ሥር ተደርድረዋል። “እንግዲህ ልጀምራት? የሲሚንቶው ቡኮ ይደርቃል” አለ።

“ጀምር ልጄ፣ ምን ያቆምሃል” አለች እትዬ የሺ፣ ሰፌዱን አንሥታ ዱካዋን በእግሯ እየገፋች።

“ጀምር” አለች አይናዲስም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ሳይሰማት ቀረ። ፋሩቅ ነጭ ሲሚንቶ ሁለት ኪሎ እንደሚያስፈልገው ሲነግራት፣ ሄዳ ማምጣት ያለባት እሷ መሆኗን እንደ ምሕረት ቆጠረችው።

ግቢያቸው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ነው። ከአጥሩ ጀርባ የነበሩት ጎረቤቶች ከተነሡ ዓመት አለፈው፤ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ ብቻ ቀርቷል። በቀኝ በኩል የቀረችው አሰፋች ናት፤ ምድር ቤቱን የብርድ ልብስና የምንጣፍ ሱቅ አድርጋ ፎቁ ላይ ትኖራለች። ሽንት ቤቱ ከፈረሰ ጀምሮ አይናዲስና ጸሎት ጠዋትና ማታ የሚሄዱት እሷ ጋ ነው። አሰፋች ሱቋ በር ላይ ቆማ ብርድ ልብስ ስታጥፍ አየቻትና ጠራቻት።

“አንቺ፣ እማማ የሺስ? አንድ ቀን ብቅ አላሉም እኮ። ደረጃው ነው አይደል? በዚያ ብረት ደረጃ ላይ እኔም ስወጣ አምላኬን እጠራለሁ።”

“እሷማ ጊዮርጊስ ውላ ነው የምትመጣው” አለች አይናዲስ፣ አፏ እንዳመጣላት።

“ጊዮርጊስ ውለው? ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኮ ሲመለሱ ነው የማያቸው። ቀኑን ሙሉ ግቢ ናቸው።”

“እንግዲህ እኔ እንጃ” አለችና አይናዲስ ሳቀች። ነጭ ሲሚንቶ የሚያስፈልጋት አሁኑኑ እንደሆነ ተናግራ መንገዷን ቀጠለች። አሰፋች ከኋላዋ ሌላም ነገር ያለች መሰላት፤ ዞራ አልጠየቀችም።

ነጩን ሲሚንቶ ቀለም ከሚሸጥ ሱቅ ገዝታ ስትወጣ ገና አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ቶሎ መመለስ አልፈለገችም። በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የወርቅ ቤቶቹን መስኮት እያየች፣ ለጸሎት የታሰበውን ዓይነት ቀለበት ዋጋ በዓይኗ እየፈለገች ሄደች። ወርቅ ቤቶቹ ዋጋ መለጠፍ ትተዋል፤ ግባና ጠይቅ ነው ዘመኑ። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገባች፤ ግድ ሆኖባት ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ከቤት ከወጣች ጀምሮ ሽንቷ መጥቶ ነበር። አሰፋች ጋ መውጣት ትችል ነበር፣ አሰፋችን ግን ዓይኗን ማየት አልቻለችም። ኬክ ቤቱ ሽንት ቤቱ በዚያው በምድር፣ ከባንኮኒው ጀርባ ነው። ገባች፣ ወጣች፣ እጇን ታጠበች፤ ሰው ሳያዝ ሽንት ቤት ተጠቅሞ መውጣት ነውር ስለመሰላት አንድ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

“የጾም ማኪያቶ” አለች ለአስተናጋጇ። እሮብ ስለሆነ አፏ በልማድ ነው ያዘዘው።

ልጅቷ ሳቀች። “እናት፣ ሃምሳው እኮ አላለቀም። ገና ከፋሲካ አራተኛ ሳምንታችን ነው። ወተት ላድርግልዎት?”

“ውይ፣ እውነትሽን ነው። አድርጊው” አለች አይናዲስ። ልጅቷ ሄደች። አይናዲስ እጇ ውስጥ ያለውን የሲሚንቶ ፌስታል ጠረጴዛው ሥር ልታስቀምጥ ጎንበስ እንዳለች እዚያው ቀረች።

በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም። እሮብ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ስግደት የለም። ይህን የሚያውቅ ክርስቲያን ሁሉ ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን የምታውቀው እትዬ የሺ ናት። አይናዲስን በልጅነቷ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ “በሃምሳው የሚጾም ሰው ጌታ አልተነሣም እንደሚል ነው” ያለቻት እሷ ናት። ስእለት ቢኖርባት እንኳ ሃምሳውን ታሳልፈው ነበር እንጂ በዚህ ቀን እስከ ሠርክ ውሃ አልጠጣም የምትል ሴት አይደለችም። ታዲያ ምን ጾም ነው? አይናዲስ ማሰብ አልፈለገችም፣ ሐሳቡ ግን ራሱ እየተደረደረ መጣ። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ጊዮርጊስ። ከቅጥሩ ጎን ሽንት ቤት አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት መመለስ። ከዚያ እስከ ማታ ምንም፣ ሻይ የለም፣ ውሃ የለም። ማታ በባልዲ ይሁን በምን እግዜር ይወቀው። ያ የተጣበቀ ከንፈር። ትናንት በርሜሉን ሞልታ ስትጨርስ ግድግዳ ይዛ የቆመችው። ያ ሁሉ ውሃ በእጇ አልፎ አንድ ጉንጭ አልጠጣችም። የማትጠጣው፣ የምትሄድበት ቦታ ስለሌላት ነው።

አይናዲስ ማኪያቶው መጥቶ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ አየችው እንጂ አልነካችውም። የነፍስ አባቷ ዘንድ ቀርባ ምን ልትል እንደምትችል አሰበች። አልሰረቅሁም። ክፉ ቃል አልተናገርሁም። የሰው ቤት አላፈረስሁም፤ የራሴን መታጠቢያ ቤት ነው ያሳደስሁት። ለራሴና ለልጄ ጎረቤት ለመንሁ፣ ሦስተኛ ሰው መኖሩ ትዝ አላለኝም። እንዲህ ያለውን ነገር አባ ምን ብለው ይጠሩት ይሆን? “ትዝ አላለኝም” ማለቷ ራሱ እውነት እንዳልሆነ ደግሞ ታውቀዋለች። ትዝ ብሏት ነበር። ዓርብ ጠዋት መቀመጫው ሲነቀል እያየች፣ እትዬ መቼም ከአጥሩ ጀርባ ካለው የሰፈሩ ሽንት ቤት ትሄዳለች ብላ ነበር። የሰፈሩ ሽንት ቤት ከሰፈሩ ጋር መነሣቱን እያወቀች። ሐሳቡ ሲመጣባት እንዳታየው ዞር ያለችለት ያህል ነበር። ሰማንያ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ብሎኬቱ ከወገብ በላይ ደርሷል። ፋሩቅ ስድስተኛውን ረድፍ እየደረደረ ያፏጫል። በተረፈው ክፍተት የጓሮው ብርሃን ሴራሚኩ ላይ አጭር ሆኖ ወድቋል፤ እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ያምር ነበር፣ በርግጥም ሰፍቶ ነበር።

“ፋሩቅ፣ አቁም።”

“ምን ሆነ? ተጣመመ?” ቱንቢውን አነሣ።

“አልተጣመመም። እስክመጣ ብቻ አቁም።”

“ማዘር፣ ቡኮው…”

“ይድረቅ።”

በኮሪደሩ ተመልሳ፣ በሳሎኑ አልፋ፣ በዋናው በር ወጥታ፣ ቤቱን ዞራ ጓሮ ደረሰች። ይህን መንገድ በእግሯ ስትቆጥረው ሠላሳ ስምንት እርምጃና አምስት ደረጃ ነበር፤ እትዬ በውስጥ በኩል ትገባለች፣ ቤቱ ቤቷ ነው እያለች ራሷን ያጽናናችበት መንገድ ይህ ነው። ማታ ሳሎኑ ይቆለፋል። ቁልፍ ለእትዬ ይሰጣት ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

እትዬ የሺ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰፌዱ እግሯ ሥር ነው፣ ሽንኩርቱ ግማሹ አልተላጠም። በጠዋት የማይተኛ ሰው ተኝቶ ሲያዝ እንደሚያደርገው ቶሎ ብላ ሰፌዱን ወደ ጭኗ ሳበችው። ክፍሉ የሻማና የካምፎር ሽታ አለው። አይናዲስ ከበርሜሉ ቀድታ የያዘችውን ብርጭቆ ዘረጋችላት።

“ጠጪ።”

“ጾም ነኝ እኮ አይንዬ።”

“ሃምሳው ነው እትዬ።”

ከመታጠቢያ ቤቱ የፋሩቅ ስልክ ሙዚቃ ይሰማል። እትዬ የሺ አንድ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ አንሥታ በጥፍሯ ላጠችው፣ አጥብቃም ጠረገችው፣ ከዚያ የተላጡት መካከል አስቀመጠችው። ሌላም አነሣች። አይናዲስ ብርጭቆውን እንደዘረጋች ቆመች።

“ትንሽ ቀን ነው ብዬ ነው” አለች እትዬ የሺ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ። “ሥራው ሲያልቅ ያልፋል ብዬ። እናንተም ግርግር ላይ ናችሁ። ዛሬ ነው እንግዲህ እንደማያልፍ ያወቅሁት።”

“በውስጥ በኩል ትገቢያለሽ። ቁልፍ አሠራልሻለሁ።”

“በውስጥ?” አለችና አየቻት። “በእንቁ ሳሎን፣ በዚህ እግሬ፣ በሌሊት? ምንጣፉን ረግጬ?” ጉዳዩ ያስቃት ይመስል ነበር። “ተይ እሱን። እኔ እንኳ ብችል እግሬ እሺ አይልም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጉዳይ ያላለፈበትን አሁን አያልፍም።”

“አሁን መጥቶብሻል?”

እትዬ የሺ አንገቷን ሰበረች፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት፣ ልጅ ተይዞ እንደሚያደርገው። አይናዲስ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን ከሚስማሩ አወረደችላት። የአሰፋች ደረጃ አይሆንም። ጊዮርጊስ በእግር ሩቅ ነው፣ ለእሷ በዚህ ሰዓት። ቅድም የተቀመጠችበት ኬክ ቤት ትዝ አላትና መኪና ጠራች። ሾፌሩ ለዚህ ያህል ቅርብ መንገድ መጠራቱ ቅር ብሎት ነበር፤ አሮጊቷን ሲያይ ወርዶ በሩን ከፈተ። “ይግቡ እማማ፣ ቀስ ይበሉ።” እርስዎ አላት። ፋሩቅም እርስዎ ይላታል። አንቺ ሲሏት የኖሩት እነሱ፣ የቤቷ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ያን እንደ ፍቅር ሲቆጥሩት ነው የኖሩት፣ ፍቅርም ይኖርበት ይሆናል።

ኬክ ቤቱ ደጃፍ ላይ እትዬ የሺ ቆም አለች። “እዚህማ አውቀዋለሁ” አለች። “አባትሽ ለልደትሽ ኬክ ሲልኩኝ ከዚህ ነበር የምወስደው። ባንኮኒው በስተግራ ነበር ያኔ።” ተቀምጣበት እንደማታውቅ አይናዲስ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በጠረጴዛዎቹ መካከል ክንዷን ይዛ አሳለፈቻት። ክንዱ በሹራቡ ውስጥ ቀጭን ነበር፤ ክብደቷን ሁሉ ስትጥልባትም ብዙ አልከበዳትም። ሽንት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መቆለፊያው ተሰብሯል።

“ግቢ፣ እኔ እጀታውን እይዘዋለሁ።”

አይናዲስ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ከውስጥ የዱላዋ ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ላለመስማት አይናዲስ ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ኬኮች መቁጠር ጀመረች። የቢሮ ልብስ የለበሰች አንዲት ወጣት መጥታ ከኋላዋ ቆመች፣ ሰዓቷን አየች፣ እግሯን አቀያየረች።

“ይቅርታ፣ ማን ነው ውስጥ ያለው? ቆየ እኮ።”

“ትንሽ ታገሽኝ” አለች አይናዲስ። “እናቴ ናት።”

ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። ሲወጣ ግን ሞቃት፣ ደስ የሚል ነገር ደረቷ ላይ ተሰማት፤ ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችው ነገር በዚያች አንዲት ቃል የተከፈለ መሰላት። ወጣቷ “ውይ፣ ችግር የለም፣ ይጨርሱ” ብላ ፈገግ አለች። በሩ ተገፋ። እትዬ የሺ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች፣ ለወጣቷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መንገድ ሰጠቻት፣ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች። ሳሙናውን በደንብ አሻሸች። መስታወቱ ውስጥ አይናዲስን አየቻት።

“ምን አልሻት ልጅቱን?”

“ምኑን?”

“እኔን ምን አልሻት?”

“እናቴ ናት አልኳት” አለች አይናዲስ።

እትዬ የሺ ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን ሁለት ጊዜ አራገፈች። “እናትሽ ብሆን በሩን ትነግሪኝ ነበር” አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ወጥ ቀምሳ ጨው አነሰው እንደምትል ነው ያለችው፤ እንዲያውም እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች ጠረጴዛ ፍለጋ ዓይኗን ወረወረች።

አይናዲስ ጥጉ ላይ ወንበር ሳበችላት። ቅድም የነበረችው አስተናጋጅ መጣች። እትዬ የሺ ሻይ አላለችም፣ ኬክ አላለችም፤ ውሃ አለች። ውሃው ሲመጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አማተበች፣ ሳታቋርጥ እስከ ታች ጠጣችው፣ አስቀመጠችው፣ ራሷ ከጠርሙሱ ደግማ ቀዳች። አይናዲስ ስልኳን አውጥታ ለፋሩቅ ደወለች።

“ፋሩቅ፣ የሠራኸውን ብሎኬት አንሣው።”

“የቱን? የበሩን? ማዘር፣ ሻወሩስ? መስታወቱ ተቆርጦ መጥቷል እኮ።”

“በሻወሩ ቦታ ቧንቧ ብቻ ግድግዳው ላይ ታወጣለህ። በሩን መልሰህ ትገጥመዋለህ።”

“እንደገና ገጠማ ሌላ ሁለት ቀን ነው። ልጅሽስ ትስማማለች? ሥዕሉን የላከችልኝ እሷ ናት።”

“አንሣው ብቻ” አለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳለ ዘጋችው።

እትዬ የሺ ሁሉንም ሰምታለች። አላመሰገነችም። አይናዲስ ምስጋና እየጠበቀች መሆኗን ስታውቅ አፈረች። ኬክ ቤቱ እየሞላ ነበር፤ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቡና የሚሉ የቢሮ ሰዎች፣ ስለ ወርቅ ዋጋ የሚከራከሩ ሁለት ሽማግሌዎች። ሁለተኛውን ብርጭቆ እትዬ የሺ በጥቂት በጥቂቱ ጠጣችው።

“ለጸሎት ማን ይነግራታል?” አለች።

“እኔ እነግራታለሁ።”

“መቼ?”

“ማታ ስትመጣ። ቢሮ ናት አሁን፣ እንዳትረበሽ…” አይናዲስ የገዛ ድምፅዋን ሰማችና አቆመች።

እትዬ የሺ ስልኩን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ አይናዲስ አቀረበችው። “አሁን ደውዪ” አለች። “እኔ እዚሁ ተቀምጬ እሰማለሁ። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ታልቅስ። ለእሷም የምላት አለኝ፣ ግን መጀመሪያ አንቺ ንገሪያት።”

እንዲህ ያለ ድምፅ በስድሳ ዓመት ውስጥ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። አይናዲስ የልጇን ስም ፈልጋ ነካችው። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። እትዬ የሺ ወንበሯን ትንሽ ሳብ አድርጋ ጆሮዋን አዘነበለች።

“አቤት እማ” አለች ጸሎት፣ በደስታ። “ዘጋው?”

“አልዘጋውም” አለች አይናዲስ። “እኔ ነኝ ያስነሣሁት። ስሚኝ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።”